ከጉድጓድ እስከ ገበሬው ደጃፍ፦ በሐረርና በድሬዳዋ ዙሪያ የአፈር ባለሙያ ሆኖ ለመሥራት ለሚያስብ ወጣት የተዘጋጀ መመሪያ

ከድሬዳዋ ተነስቶ የደንገጎን ዳገት እየወጣ ወደ ሐረር የሚጓዝ ሰው፣ በመስኮት በኩል መሬቱን ልብ ብሎ ካየ፣ በዚያች አጭር መንገድ ላይ አፈሩ ደጋግሞ ሲለዋወጥ ያስተውላል። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ድሬዳዋ ዙሪያ ወንዞች ከተራራው ጠርገው ያወረዱት፣ ኖራ የበዛበት ደለል ይገኛል። ዳገቱ ላይ ድንጋይ ያገጠጠበት ስስ አፈር ይከተላል፤ ሐረማያ ሜዳ ሲደርሱ በክረምት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር መረሬ ይታያል። ከሐረር አልፎ ወደ ባቢሌ ሲወርዱ ደግሞ ከግራናይት የተፈረፈረ፣ ለውዝ የሚስማማው አሸዋማ አፈር ይቀበልዎታል። አንድን ምክር ለእነዚህ ሁሉ ማሳዎች እኩል ማደል የማይቻለው በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ የአፈር ባለሙያ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው።

ይህ መመሪያ ሙያውን ከትምህርት ቤት እስከ ማሳ ድረስ እንዴት መያዝ እንደሚቻል ለማሳየት የታሰበ ነው። ይበልጥ የማተኩረው ናሙና በመውሰድና ውጤቱን ለገበሬው በመመለስ ላይ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጥሩ ሥራ ሲበላሽ ያየሁት በእነዚህ ሁለት ጫፎች ላይ ነው።

ስለ ትምህርቱ

የዚህ አካባቢ ልጅ ለትምህርቱ ሩቅ መሄድ አይጠበቅበትም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአሜሪካው የኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር የተመሠረተው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ፣ በሐረርና በድሬዳዋ መካከል ይገኛል። አቀንጭራ የተባለውን የማሽላ ሥር ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ በማዳቀል በ2009 (እ.ኤ.አ.) የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1973 (እ.ኤ.አ.) ያገኙት ከዚሁ ኮሌጅ ነው። እርሳቸው የዕፅዋት ማዳቀል ሰው እንጂ የአፈር ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን አቀንጭራ የሚበረታው ለምነቱ በተሟጠጠ ማሳ ላይ ስለሆነ፣ ሁለቱ ሙያዎች አንድ ማሳ ላይ መገናኘታቸው አይቀርም።

በዩኒቨርሲቲ ቆይታዎ ኬሚስትሪንና ስታቲስቲክስን አይሽሹ። በበኩሌ ግን ከሁለቱ ባልተናነሰ ቋንቋን እመክራለሁ። በምሥራቅ ሐረርጌ ገጠር አፋን ኦሮሞ፣ በድሬዳዋ ቆላማ ቀበሌዎች በተጨማሪ ሶማልኛ የማይሰማ ባለሙያ፣ ገበሬው ስለ አፈሩ የሚያውቀውን ግማሽ ያህል ሳይሰማ ይመለሳል። ገበሬው «ቢዬ ዲማ» ሲል ቀዩን አፈር፣ «ኮቲቻ» ሲል ጥቁሩን ማለቱ ብቻ አይደለም፤ የትኛው ቶሎ እንደሚደርቅ፣ የትኛው በሬን እንደሚያደክም፣ የትኛው ዝናብ ሲዘገይ ዘሩን እንደሚያስቀር አብሮ ይናገራል።

መጀመሪያ ጉድጓድ ይቆፍሩ

ጀማሪ ባለሙያ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪ ይሮጣል። እኔ ግን የማንኛውም ቀበሌ ሥራ በጉድጓድ እንዲጀመር እመክራለሁ። የባለማሳውን ፈቃድ ይጠይቁ፤ ከዚያም ስፋቱ አንድ ሜትር፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ ድንጋይ ካልከለከለ እስከ አንድ ሜትር ተኩል የሚደርስ ጉድጓድ ያስቆፍሩ። የሚያጠኑት ግድግዳ ፀሐይ የሚያርፍበት ይሁን፤ ከዚያ ግድግዳ በላይ ያለውን መሬት ማንም አይርገጠው፣ የሚወጣው አፈርም አይከመርበት። የላይኛውንና የታችኛውን አፈር ለየብቻ ይከምሩ፤ ሲመልሱም በቅደም ተከተሉ ይመልሱ። ይህን ባለማድረጉ የሰው ማሳ መካከል የማያበቅል ነጭ ጠፍ ትቶ የሄደ ባለሙያ በዚያ ቀበሌ ሁለተኛ ጉድጓድ የሚፈቅድለት አያገኝም። ሥራው ካደረ ከብት እንዳይገባበት በእሾህ ማጠር ያስፈልጋል።

ግድግዳውን በቢላ ጫፍ ከላይ ወደ ታች ፈቅፍቀው ትኩስ ገጽ ካወጡ በኋላ ቀለሙ፣ ጥንካሬው ወይም የድንጋዩ ብዛት የሚለወጥበትን መስመር ይፈልጉ። የእያንዳንዱን ንብርብር ቀለም አፈሩን በትንሹ አርጥበው ከማንሰል የቀለም ሰሌዳ ጋር ያስተያዩ። ሥር እስከ የት እንደወረደ ይለኩ፤ ማሽላ ሥሩ 30 ሴንቲ ሜትር ላይ ታጥፎ ወደ ጎን የሚሄድ ከሆነ፣ በማረሻ ተጠቅጥቆ የደረቀ ንብርብር መኖሩን ይጠርጥሩ፤ ማዳበሪያ ይህን አይፈታም። የተቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲያደርጉበት የሚፈላ አፈር ኖራ አለበት፤ በድሬዳዋ ዙሪያ ይህን ደጋግመው ያያሉ። በመረሬ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ አፈሩ ሲያብጥና ሲኮማተር እርስ በርሱ ተንሸራቶ የተወለወለ የሚመስል ገጽ ካገኙ ልብ ይበሉት፤ ለመለያው ዋና ምልክት ነው።

የአፈሩን ደቃቅነት በእጅ መለየትም መልመድ ይገባል። እፍኝ አፈር ወስደው ውሃ ጠብ እያደረጉ እንደ ሊጥ ያሹት፤ ከዚያ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየተጫኑ እንደ ጥብጣብ ያውጡት። ጥብጣቡ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሳይደርስ የሚበጠስ ከሆነ አሸዋና ደለል የሚያመዝንበት፣ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚዘልቅ ከሆነ መካከለኛ ሸክላ ያለበት፣ ከ5 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ሸክላ አፈር ነው። የባቢሌው አፈር ጥብጣብ ሳይሠራ እጅዎ ላይ ይበተናል፤ የሐረማያው ግን ጣትዎን ይይዝዎታል።

ናሙና ስለ መውሰድ

ላቦራቶሪ የሚመረምረው ጥቂት ግራም አፈር ነው። በሌላ በኩል አንድ ሄክታር ማሳ እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት 2,000 ሜትር ኩብ አፈር ይይዛል፤ አንዱ ሜትር ኩብ 1.3 ቶን ቢመዝን ጠቅላላው 2,600 ቶን ይሆናል። እነዚያ ጥቂት ግራሞች ይህን ሁሉ እንዲወክሉ የሚደረገው በናሙና አወሳሰድ እንጂ በመሣሪያ ጥራት አይደለም።

ማሳውን በመጀመሪያ በተዳፋትነቱ፣ በቀለሙና ባለፉት ዓመታት በተዘራበት ይከፋፍሉት። ከላይኛው ተዳፋትና ከታችኛው ሜዳ የወጣን አፈር መቀላቀል የሁለቱንም እውነት ያጠፋል። በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ እየተጠማዘዙ በመራመድ ከ15 እስከ 20 ቦታ፣ ከ0 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት በአውገር (አፈር መቦርቦሪያ) ወይም በአካፋ እኩል እኩል አፈር ይውሰዱ። አካፋ ከሆነ የሚጠቀሙት፣ የቪ (V) ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ቆፍረው ከጎኑ ስስ ቁራጭ ያንሱ እንጂ ከላይ አይጥረጉ። የተሰበሰበውን በፕላስቲክ ባልዲ ይቀላቅሉ፤ የዚንክ ልባስ ያለው ባልዲ የዚንኩን ውጤት ስለሚያበላሽ አይጠቀሙበት። የተቀላቀለውን በንጹሕ ላስቲክ ላይ ዘርግተው በአራት ከፍለው፣ የሁለት ተቃራኒ ማዕዘናትን ድርሻ እየጣሉ፣ አንድ ኪሎ ያህል እስኪቀር ድረስ ይደጋግሙት። ወደ ከረጢት ሲያስገቡ ከዚህ በፊት ማዳበሪያ የነበረበትን ጆንያ ፈጽሞ አይንኩ። መለያው ሁለት ይሁን፤ አንዱ ከውጭ፣ አንዱ ከውስጥ። እርጥበት የእስክሪብቶ ቀለምን ስለሚያጠፋ የውስጡን በእርሳስ ይጻፉ። አፈሩ ፀሐይ ላይ ሳይሆን ጥላ ሥር አየር እየነካው ይድረቅ፤ ከዚያ በ2 ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል።

የማይወሰድባቸው ቦታዎች አሉ፦ የእርከን ጫፍ፣ የዛፍ ጥላ፣ የኩበት መከመሪያ፣ የጫት ተክል ሥር ፍግ የተደፋበት ቦይ፣ የአሮጌ ቤት መሠረት። በዚህ ጉዳይ አንድ ጊዜ ራሴን አሳፍሬያለሁ። ከሐረር ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ከአንድ ማሳ ጥግ የወሰድኩት ናሙና ከአጎራባቾቹ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ፎስፈረስ አሳየ፤ እኔም ለባለማሳው ሽማግሌ «እርስዎ የፎስፈረስ ማዳበሪያ ለዓመታት አያስፈልግዎትም» ብዬ በኩራት ተናገርኩ። ሽማግሌው ሳቁና «ልጄ፣ እዚያ ጥግ እኮ የአባቴ የከብት በረት ነበረ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሳውን ታሪክ ሳልጠይቅ አውገር መሬት ላይ አላሳርፍም። ጥያቄውም ቀላል ነው፤ በዚህ ማሳ ላይ በረት፣ ቤት፣ አውድማ ወይም የከሰል ማክሰያ ነበረ ወይ ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ጊዜው በዚህ አካባቢ ማሽላ ከታጨደ በኋላ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ወይም ጥር ቢሆን ይመረጣል። የበልጉ ዝናብ ሳይመጣ ውጤቱ እንዲደርስም ይረዳል።

ላቦራቶሪው ውስጥ

እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ የየምርመራው መመሪያ በየላቦራቶሪው ግድግዳ ተለጥፎ ይገኛል። ሁለት ነገር ብቻ ላሳስብ። የመጀመሪያው ዘዴው ከአፈሩ ጋር መመጣጠኑ ነው። ፎስፈረስን በብሬይ ዘዴ መለካት ለአሲዳማ አፈር እንጂ እንደ ድሬዳዋ ኖራ ለበዛበት አፈር አይሆንም፤ ለዚህ የሚስማማው በሶዲየም ባይካርቦኔት የሚሠራው የኦልሰን ዘዴ ነው። ምዕራብ ኢትዮጵያ የተሠራ ሰንጠረዥን እዚህ አምጥቶ መጠቀም ብዙ የተሳሳተ ምክር ያስከተለ ልማድ ነው። ሁለተኛው ራስን መፈተሽ ነው፤ ከአሥር ናሙና አንዱን ለሁለት ከፍለው በተለያየ ቁጥር ያስገቡ፤ ሁለቱ ውጤቶች ካልተቀራረቡ ቀሪዎቹንም ለማመን አይቸኩሉ። የኦርጋኒክ ካርቦን ምርመራ የሚጠቀመው ፖታሺየም ዳይክሮሜት መርዛማ ስለሆነ ቅሪቱን ወደ ፍሳሽ መድፋት በአፈር ባለሙያ ዘንድ ይቅርታ የሌለው ጥፋት ነው።

ውጤቱን ሲያነቡ ከፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ) ይጀምሩ። ከ7.5 በላይ በሆነና ኖራ ባለበት አፈር ፎስፈረስ፣ ብረትና ዚንክ ቢኖሩም ለተክሉ አይደርሱትም፤ የለጋ ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሐሉ ቢጫ ሲሆን ይህን ያስቡ። በጉድጓድ ውሃ በሚለሙ የቆላ አትክልት ማሳዎች ጨዋማነትን ሳይለኩ አይለፉ፤ መለኪያው 4 ዴሲሲመንስ በሜትር ካለፈ አፈሩ ጨዋማ ከሚባለው ወገን ነው። ገበሬ ለገበሬ «አመድ ለመሬት ጥሩ ነው» የሚለው ምክርም አሲዳማ አፈር ላለው ምዕራብ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለድሬዳዋ አፈር ግን በሞላ ላይ መጨመር ነው።

ውጤቱን ለገበሬው መመለስ

እዚህ ላይ የሙያው ክብደት አለ። አገራችን ለረጅም ጊዜ አንድ ኩንታል ዳፕ የተባለ የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ማዳበሪያና አንድ ኩንታል ዩሪያ ለአንድ ሄክታር የሚል አንድ ምክር ለሁሉም አፈር ስታድል ኖራለች። ከ2012 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተካሄደው የአፈር ለምነት ካርታ ሥራ፣ ሰልፈርና ሌሎች ንጥረ ነገሮችም በብዙ ቦታ እንደሚጎድሉ ስላሳየ፣ ዳፕ ቀርቶ ሰልፈርም ያለበት ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ መጣ። በዚህ ሥራ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ፕሮፌሰር ተካልኝ ማሞ ናቸው፤ እርሳቸው ከዚያ በፊት ውሃ የሚተኛበትን የመረሬ አፈር ለማልማት በተደረገው ምርምር ብዙ የደከሙ፣ በኋላም በግብርና ሚኒስቴር በሚኒስትር ዴኤታነት ያገለገሉ የአፈር ሳይንቲስት ናቸው። ይሁን እንጂ ካርታ የአካባቢውን እንጂ የአንዱን ገበሬ ማሳ አይናገርም፤ ያን ክፍተት የሚሞላው በወረዳው ያለው ባለሙያ ነው።

ቁጥሩን ወደ ገበሬው መለኪያ ይለውጡት። ለአንድ ሄክታር 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይጨመር ብለው ካሰቡ፣ ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ስለያዘ 100 ኪሎ ዩሪያ ማለት ነው፤ ማሳው ሩብ ሄክታር ከሆነ 25 ኪሎ ይበቃል። ስለ ጥማድ ሲነገርዎት ግን መጠኑ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ራስዎ በሜትር ይለኩ። ከዚያ በቤት ያለውን ጣሳ ሞልተው በሚዛን ይመዝኑና «ይህን ያህል ጣሳ ለይህን ያህል ትልም» ብለው ይናገሩ። ለእያንዳንዱ የበቆሎ ጉድጓድ በጠርሙስ ቆርኪ መስፈርም ይቻላል። ዩሪያ ከተዘራ በኋላ በአፈር ካልተሸፈነ፣ በተለይ ኖራ በበዛበት አፈር፣ ናይትሮጅኑ ወደ አየር እንደሚተን መናገርን አይርሱ፤ ብዙ ገንዘብ በዚህ ይባክናል።

«አገዳውን ማሳው ላይ ይተዉት፣ ፍጉንም ይመልሱ» የሚለውን ምክር ለመስጠት ከመቸኮልዎ በፊት ግን በቤቱ ዙሪያ ዘወር ዘወር ብለው ይዩ። በሐረርጌ የማሽላ አገዳ የከብት መኖ፣ ማገዶና አጥር ነው፤ ኩበቱም ምድጃ ላይ ይነድዳል። ስለ ኩበቱ የሚወስኑት ብዙውን ጊዜ የቤቱ እመቤት ስለሆኑ፣ ከባልየው ጋር ብቻ ተስማምቶ መውጣት ከማንም ጋር አለመስማማት ነው። ማገዶ የሚተካ ነገር፣ ለምሳሌ በእርከኑ ላይ የሚተከል ለመኖም ለማገዶም የሚሆን ቁጥቋጦ ሳይዙ የሚሰጥ ምክር በጆሮ ገብቶ በጆሮ ይወጣል።

ከተማው ግን ገጠሩ የሚያጣውን ይጥላል። አወዳይ ገበያ፣ ሐረርም ሆነ ድሬዳዋ በየቀኑ የሚጣለው ገራባ (የጫት ቅሪት)፣ ከፍየሎች የተረፈው፣ ከወጥ ቤት ቅሪትና ከጥቂት ፍግ ጋር ተደርቦ ውሃ እየጠጣ በየሳምንቱ ቢገለበጥ ጥሩ ብስባሽ ይወጣዋል። እንጨታማው ቅርንጫፍ ቶሎ ስለማይበሰብስ ቀድሞ መከርከም አለበት። በባቢሌው አሸዋማ አፈር እንዲህ ያለው ብስባሽ ውሃ እንዲይዝ ይረዳዋል፤ ለውዙም ናይትሮጅንን በሥሩ እባጮች ባሉት ባክቴሪያዎች አማካይነት ራሱ ከአየር ስለሚያዘጋጅ፣ ለእርሱ ዩሪያ ከማብዛት ይልቅ ፍሬው በሚያድግበት የላይኛው አፈር ውስጥ ካልሲየም መኖሩን መመርመር ይጠቅማል።

ሥራው ከማሳው አልፎ

ዘላቂ ልማት የሚለው ቃል በስብሰባ ላይ ሲደጋገም ፍሬው ይርቃል፤ በእኛ አካባቢ ግን ትርጉሙን በዓይን ማየት ይቻላል። የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ደርቆ ነበር። ለጫትና ለአትክልት መስኖ እንዲሁም ለከተማ መጠጥ የተቀዳው ውሃ አንዱ ምክንያት ሲሆን፣ ከዙሪያው ኮረብቶች ታጥቦ የገባው ደለል ሌላው ነው። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃ መልሶ ቢታይበትም፣ ኮረብቶቹ ካልተያዙ ሐይቁ እንደገና የደለል ማጠራቀሚያ መሆኑ አይቀርም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በደቻቱ ወንዝ የወረደው ጎርፍ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰው ሲገድል፣ ውሃው የመጣው ከተማው ላይ ከዘነበው ብቻ ሳይሆን ዝናብ መስረግ ካቃተው ከላይኛው ተዳፋት ነበር። ስለዚህ በላይኛው ቀበሌ እርከን የሚያስተካክል የአፈር ባለሙያ ለታችኛው የከተማ ነዋሪም ይሠራል።

ይህን ለባለሥልጣን ሲያስረዱ ቁጥር ይያዙ። የስዊሱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ፣ በአገራችን የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ከተሰበሰበው መረጃ በመነሣት፣ ከኢትዮጵያ የታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር ከአንድ ሄክታር ይታጠባል ብለው ገምተዋል፤ ከፕሮግራሙ ጣቢያዎች አንዱ የሐረርጌው ሁንዴ ላፍቶ ነበር። አንድ ሚሊ ሜትር አፈር በሄክታር 13 ቶን ያህል ስለሚመዝን፣ ግምቱ በዓመት ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ማለት ነው። ከጉድጓድዎ የለኩት ለም የላይኛ አፈር 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ ስንት ክረምት እንደሚቀረው ማካፈል ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ስሌት በሴፍቲኔት ሥራ ከሚገነባው እርከን የትኛው ቅድሚያ ይሰጠው የሚለውን ለመወሰን ይጠቅማል። የተባበሩት መንግሥታት ዘላቂ የልማት ግብ 15 በ2030 (እ.ኤ.አ.) የመሬት መራቆት እንዲገታ የሚጠይቀውም በዚሁ ልክ በሚለካ ነገር ነው።

የሥራ በሩ ከሚገመተው ይሰፋል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ ከሐረር አቅራቢያ ያለው የፈዲስ ግብርና ምርምር ማዕከል፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የተፋሰስ ልማት ፕሮጀክቶችና የአፈር ላቦራቶሪዎች ባለሙያ ይቀጥራሉ። በየትኛውም ቢቀጠሩ የራስዎን የመስክ ደብተር ይያዙ፤ የቆፈሩትን ጉድጓድ አቀማመጥ በጂፒኤስ፣ የናሙናውን ጥልቀት በሴንቲ ሜትር፣ ቀኑንና የተጠቀሙበትን የምርመራ ዘዴ ይመዝግቡ። አፈር በአንድ ዓመት አይለወጥምና ዘንድሮ በጥር የወሰዱትን ናሙና ከሦስት ዓመት በኋላም በጥር፣ ከዚያው ማሳ፣ በዚያው ጥልቀት ወስደው በዚያው ዘዴ ያስመርምሩ፤ ከዚያም ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን ጽፈው ወደ ገበሬው ደጃፍ ይመለሱ።